ኮከብ የሌላት ካርድ

ካርዷን ለሦስተኛ ጊዜ እገለብጣታለሁ። ጀርባዋ ባዶ ነው። ፊቷ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ አንድ ቃል ተቀምጧል፤ ኮከብ የለውም።

የዚህ የጥንት ቋንቋዎች ጥናት ክፍል ሕግ አንድ ነው። ድንጋይ ወይም ብራና ላይ የተገኘ ቃል እንዳለ ይጻፋል። ማንም ጽፎት ያላየነው፣ ከእሱ የተወለዱትን ቃላት፣ የልጅ ልጆቹን፣ መልክ አይተን «አያታቸው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ያልነው ቃል ግን ግንባሩ ላይ ኮከብ ይደረግበታል። ኮከብ ማለት «ግምት ነኝ፣ እንዳታምኑኝ» ማለት ነው። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ለአዲስ ሠራተኛ ከሰላምታ ቀድመው የሚነግሩት ይህንኑ ነው።

ጋሼ አርባ ዓመት ያሳደዷት አንዲት ቃል ናት። ከህንድ እስከ አውሮፓ ዳር የሚነገሩ ቋንቋዎች የጋራ እናት፣ አንድም ሰው ሳይጽፋት የሞተችው፣ «እኔ» ለማለት ምን ትል ነበር? ላቲን «ኤጎ» ይላል፣ ሳንስክሪት «አሃም»። ጋሼ እነዚህን ዘመዳሞች አሰልፈው አፍንጫና ጆሯቸውን ሲያስተያዩ ጸጉራቸው ነጣ። መጽሐፋቸው ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መታተም ይጀምራል። አሁን ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው።

አራተኛው ምዕራፍ የቆመው በዚህች ካርድ ላይ ነው፤ ከእናቲቱ ጥንታዊ ልጆች አንዷ «እኔ» የምትልበት፣ ከሸክላ ጽላት የተገኘ ቃል መስሏቸው። የጽላቶቹን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፣ የለም። ከሰባት ዓመት በፊት፣ አዲስ ሳለሁ፣ የራሴን ግምት ወደ ንጹህ ካርድ ስገለብጥ ኮከቡን ረስቼዋለሁ።

ኪሴ ብከታትስ? ማን ያያል? ስህተቱ ኋላ ቢታወቅም ሰው «ሽማግሌው ጃጅተው ቃል ፈጠሩ» ይላል እንጂ ስሜን የሚያነሳ የለም። ይህን በማሰቤ ራሴን እጠላዋለሁ፤ እጄ ግን ኪሴ አፍ ላይ ደርሷል።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ለዛሬ የገዙትን ክራባት ያስተካክላሉ። በዚህ ዕድሜያቸው ሙሽራ መስለዋል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ካርዷን እሰጣቸዋለሁ። «ጽላቱ ላይ የለም፣ ጋሼ። ግምት ነው» እላቸዋለሁ።

መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ያነባሉ፣ ያወልቃሉ። እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ይፈልጋል። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አይጠይቁኝም፤ ሰባት ዓመት ሲያርሙት የኖሩት ጽሑፍ ነው።

ስልኩን አንስተው ማተሚያ ቤት ይደውላሉ። «አቁሙት» ይላሉ። ያዳምጣሉ። «ምክንያቱን የምታውቀዋን ላገናኝህ።» እጀታውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። «አልከስሽም። አልዋሽልሽምም።»

ወዲያ ማዶ ማሽኑ ሲንጓጓ ይሰማኛል። ፎርማኑ በጩኸቱ ላይ ይጮኻል። «ሄሎ! ወረቀቱ ገብቶ አቁሙ ይባላል እንዴ? ለአለቃዬ ምን ልንገረው? ማነው ያጠፋው? ማን ልበል?»

በአስራ አንድ ቋንቋ አሳምሬ የምጽፋት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆማለች። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ክራባታቸውን ይፈታሉ።

«ሄሎ! ማን ልበል?»

«እኔ» እላለሁ።