የልብስ ሰፊው ቁርጭምጭሚት

ልብስ ሰፊው ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ከተሰበረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል» ብሎ ካሰናበተው ቆይቷል። የገጠመ አጥንት ግን እንዳልተሰበረ አይሆንም፤ ጠዋት ይደርቃል፣ ማታ ያብጣል፣ ብርድ ሲመጣ ደግሞ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቃል። ደረጃ ሲወርድ በጎኑ ዞሮ፣ መደገፊያውን ጨብጦ፣ አንድ በአንድ ነው። የስፌት መኪናውን እንኳን በግራ እግሩ መርገጥ ከጀመረ ሰንብቷል።

«መሮጥስ እችላለሁ?» ብሎ ሐኪሙን ጠይቆት ነበር።

«በሃምሳ ዓመትዎ ማን ሊያባርርዎት ነው?» ብሎ ሳቀበት።

የሚሠራውም ከሚስቱ ጋር የሚኖረውም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ልክ ከበታቹ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። ጆሯቸው ግን ጡረታ አልወጣም። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ከላይ ሰላም ነው ማለት ነው። ድንገት ቀጥ ካለ ወንበር ይወድቃል፣ ሳህን ይሰበራል፣ ሚስትየው ትጮኻለች። የሰውየው ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። አስተማሪዋን ይበልጥ ያስፈራቸው ይኸው ነበር፤ ትንፍሽ ሳይል የሚማታ ሰው አውሬ ነው ብለው ያምናሉ።

አንድ ቀን ሚስትየውን ደረጃ ላይ አገኟት። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ ሥር አብጦ በልዟል።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«በር ይዞኝ ነው፣ እትዬ።»

«በር!» አሉ አስተማሪዋ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲዋሽ የሰሙ ሴት ናቸው።

ቀሚስ ሊያሳጥሩ የሄዱ ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር አዩ። ሰውየው በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሥራውን ሲጨርስ መቀሶቹን ሰብስቦ ሳጥን ውስጥ ከተተና ቁልፉን ኪሱ ጨመረ። ምስኪኗ ራሷን የምትከላከልበት ነገር እንዳታገኝ ነው ብለው ደመደሙ። ደማቸው ፈላ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መኪናው ቀጥ አለ። አንድ ከባድ ነገር ወድቆ የአስተማሪዋን ጣሪያ አናወጠው። ጩኸት ተከተለ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጸጥታ።

«ሊገድላት ነው» አሉና ለሚስትየው ወንድም ደወሉ።

ወንድምየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሑድ ጠዋት የጎማ መፍቻ ብረቱን ይዞ ከተፍ አለ። እህቱ በሩን ከፈተችለት። ብረቱን አየች፤ ከዚያ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች።

«ይማታሻል?»

ይበልጥ አለቀሰች። ለእሱ እንባዋ በቂ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ጀርባ ብድግ አለ። ሁለት እርምጃ ለመሸሽ ሞከረ፤ ቀኝ እግሩ እንደ ልማዱ ከዳው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ስማኝ...»

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛው ጎድኑ ላይ አረፈ። ክሩንና ጨርቁን ይዞ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ወንድምየው እስከ ትናንት «ጋሼ» ይለው የነበረውን ሰው ሆዱን ረገጠው፤ ፊቱን ረገጠው። ሰውየው ደም የሞላውን አፉን ከፈተ፣ ሚስቱን አያት፣ መልሶ ዘጋው።

«የትኛው እግሩ ነው በሽተኛው?» አለ ወንድምየው።

«ቀኙ» አለች እህቱ።

ብረቱን ግራው ላይ አወረደው። አስተማሪዋ ታች ሆነው የአጥንቱን ድምፅ ሰሙት። አላዘኑለትም።

«ከእንግዲህ ንካትና እናያለን!» አለ ወንድምየው እያለከለከ። የእህቱን ግንባር ሳመና እጁን ሊታጠብ ወደ አስተማሪዋ ቤት ወረደ። እሳቸውም «እግዜር ይስጥህ፣ ነፍስ አዳንክ» ብለው ፎጣ አቀበሉት።

ላይ ሚስትየው በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ከወለሉ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አነሳች፤ ከባሏ ጎን ተንበርክካ የአፉን ደም ቀስ ብላ ጠረገችለት።

«አይዞህ» አለችው፤ «ያኛውን የሰበርኩት ጊዜም በሁለት ወር ነው የገጠመልህ።»