የአባቷ አስተርጓሚ

«በገዛ እጄ ነው የምሰርዘው!» አለ አባቷ፣ የኮሌጅ የሥዕል ክላሶቿን ዝርዝር ያስከፈታትን ላፕቶፕ ወደ ራሱ ስቦ። ትናንት ብሩሾቿን ሰባብሮ በጣለበት እጁ «ድሮፕ»፣ ሰርዝ፣ የሚለውን ሲጫን፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ይላል?»

አሜሪካ፣ ላንግሊ ፓርክ ከገቡ ጀምሮ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ የምትተረጉምለት እሷ ነበረች፤ አንድም ቀን አሳስታው አታውቅም። ጽሑፉ ክላሶቹ ከተሰረዙ ክሬዲቷ ስለሚያንስ፣ የትምህርት ክፍያዋን የሚሸፍነው ድጎማ፣ ፋይናንሻል ኤይዱ፣ እንደሚቋረጥና የተርሙን ክፍያ ቤተሰቡ እንደሚሸፍን ያስጠነቅቅ ነበር። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «አንድ ዶላር ሳልከፍል ነው የማስተምራት» እያለ የሚኩራራው አባቷ፣ አፍ አፏን እያየ ጠበቃት። ብሩሾቿ ሲሰበሩ ያሰሙት ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«‹እርግጠኛ ነህ ወይ?› ነው የሚለው፣ አባዬ።»

«እንዴታ!» አለና ተጫነው።