ከማን ወረስኩት?

ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ግን ከግንባሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው። ጥቁር አዝሙድ ተቀባ፤ የቀይ ሽንኩርት ጭማቂም ሞከረ። በመጨረሻ የሄደበት ሐኪም "በዘር የሚመጣ ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም" ብሎ አሰናበተው። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ የረገፈውን እየለቀመ ይቆጥራል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ እናቱ ጭን ላይ ጋደም ብሎ ተማረረ።

"እማዬ፣ አባዬ በስልሳ ዓመቱ እንኳ ማበጠሪያ የሚሰብር ፀጉር አለው። አያቴም ጎፈሬ ነበሩ አሉ። ባንቺም ወገን መላጣ የለም። ታዲያ እኔ ከማን አመጣሁት?"

እናቱ በሐሳብ ጭልጥ ብላ ነበር። የሳሳውን አናቱን በጣቶቿ እየዳበሰች፣ "እሱም ልክ ባንተ ዕድሜ ነው የጀመረው" አለች።

"ማን?"

እጇ ባለበት ቀረ። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ አመድ መስሏል።

በዚህ መሃል አባቱ አንድ ብልቃጥ ይዞ እያለከለከ ገባ።

"የጉሎ ዘይት ነው፤ ገበያውን ሁሉ ዞሬ አገኘሁልህ። ፍቱን ነው አሉኝ። ና፣ ጎንበስ በል ልጄ፣ እኔው ልቀባህ።"

ወጣቱ እናቱን አየ። እሷ ግን መሬት መሬት ታያለች።

ጎንበስ አለ።