ጫማዎን አውልቀው ይግቡ

ሰውየው መኪናዋን ከገዛ ወዲህ ቅዳሴ ቀርቷል፤ እሑድ ጠዋት እሷን የሚያጥብበት ሰዓት ነው። ሚስቱ የመኪናዋን በር ጓ አድርጋ ከዘጋች ቀኑን ሙሉ ያኮርፋታል። ልጆቹ ውስጧ ብስኩት መብላት ቀርቶ ጮክ ብለው እንኳ አያወሩም።

አንድ ቀን የንስሐ አባቱን ቤቱ ድረስ ጠራቸው።

"አባ፣ ከሰው ዓይን እንድትጠበቅ ውስጧን ጸበል ይርጩልኝ።"

አባ ጸበሉን ይዘው ሊገቡ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝ አደረገ።

"ይቅርታ አባ፣ ጫማዎን አውልቀው ይግቡ። ምንጣፏ አዲስ ነው።"

አባ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ፣ አማተቡ፣ የመኪናዋንም በር በግንባራቸውና በከንፈራቸው ተሳለሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሰውየው ዞሩ።

"ልጄ፣ ታቦቱ የማን ነው?"