የሌለችው መርከብ ሰዓሊ

ጋሽ ማጉያ የመጨረሻውን የመስታወት ሣጥን ለሦስተኛ ጊዜ ሲወለውል፣ የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ውስጥ ከእሱና ከልጁ በቀር ሰው አልነበረም። ኤግዚቢሽኑ ከተከፈተ አንድ ሰዓት አልፎታል።

«አባዬ፣ መስታወቱ ሊያልቅ ነው እኮ» አለችው ልጁ። ፋርማሲስት ናት፤ የቅዳሜ እረፍቷን ትታ ነው ልታግዘው የመጣችው። «የእማዬን ቁም ሣጥን ሳይቀር በሌባ ወረቀት ሞልተህ፣ ዛሬ ደግሞ አገር ይይልኝ አልክ!»

«ይመጣሉ» አለ፣ እሱም እምብዛም ሳያምንበት።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የባንክ ፊርማ መርማሪ ነበር። ማጉያ መነጽሩ ከደረት ኪሱ ስለማትለይ ሰፈሩ ስሙን ትቶ በእሷ ይጠራዋል። ሌላው ቴምብር ሲሰበስብ እሱ የድሮ ማጭበርበሪያ ሰነድ ይሰበስባል፤ ወርቅ ያልወጣበት የወርቅ ጉድጓድ አክሲዮን፣ አንዲት ሐዲድ ያላነጠፈ የባቡር ኩባንያ ቦንድ። ወረቀቶቹ ሲያምሩ ለጉድ ነው። አጭበርባሪ በወረቀት ቆጥቦ አያውቅም ይላል።

አንዲት አሮጊት በከዘራ እየተረዱ ገቡ። ግራ ቀኝ ሳያዩ በቀጥታ ወደ መሐለኛው ሣጥን ሄደው ቆሙ። ውስጡ ያለው የአንድ የመርከብ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ኩባንያው እንኳን መርከብ መቅዘፊያ አልነበረውም። ወረቀቱ ላይ ግን ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ ግዙፍ መርከብ ማዕበሉን ሰንጥቆ ይሄዳል።

ቆይተው ቆይተው አልሄዱም። ጋሽ ማጉያ ጠጋ አለ።

«እማማ፣ ላስረዳዎት?»

«ይሄን ከየት አገኘኸው ልጄ?»

ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጄ ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቷል። «ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ። ዐሥራ አንድ ዓመት ፈልጌው ነው ያገኘሁት። ሥዕሉን ማን እንደሳለው ግን እስካሁን...»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ። «ልትከሰኝ ከሆነ አሁኑኑ ክሰሰኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ፈርቼ ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል።»

ክው አለ። ልጁ ወንበር ይዛ ሮጠች።

አሮጊቷ ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን አወጡት። ያኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ሽቶ የሚሸት ሰውዬ መጥቶ መርከብ ሳይልኝ አላቸው። «እኔ መርከብ የት አውቄ! ከወንዝ ሌላ ውሃ አይቼ አላውቅም። ከክብሪት ሣጥን ላይ ገለበጥኩለት። ደስ አለውና ባንዲራ ጨምሪበት አለኝ። በስተቀኝ ጭሱ ቦታውን ሞልቶታል፤ ባዶ የነበረው ግራው ነው፣ ወደዚያ እንዲውለበለብ አድርጌ ሳልኩለት።»

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አጎቴ ያችን መርከብ አይቶ ነው አክሲዮኑን የገዛው። አንቺ የሳልሽው እንዴት ያምራል አለኝ። ገንዘቡ ቀለጠ። አንድ ቀን እንኳን ክፉ አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ወዲያ እርሳስ አልጨበጥኩም።»

ጋሽ ማጉያ ሄዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፍሬም አወረደ። ከአንድ ጠበቃ ቤት ከተጣለ ፋይል ያገኘው፣ ጡረተኛ መርከበኛ ስለዚሁ ኩባንያ ለፖሊስ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ጮክ ብሎ አነበበው።

«"ሦስት አክሲዮን ገዛሁ። ማታ ሥዕሉን ሳየው ጭሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ባንዲራው ወደ ግራ ይውለበለባል። አርባ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ሁለት ነፋስ ባንድ ጊዜ የሚነፍስባት መርከብ አላጋጠመችኝም። ይህን የሳለ ሰው መርከብ አላየም። ያሳለውም መርከብ ያለው አልመሰለኝም። ወደብ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ስሟን የሚያውቅ የለም። እባካችሁ መርምሩልኝ።"»

አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«መረመሩ እማማ። ያ ሽቶ የሚሸተው ሰውዬ የተያዘው ሁለተኛው ዙር ሽያጭ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ነው። ስድስት ሺህ አክሲዮን ታትሞ ተዘጋጅቶ ነበር። አንዱም አልተሸጠም።» ጎንበስ ብሎ ዓይናቸውን አያቸው። «ፖሊስ አይደለም ያስያዘው፣ እኔ የማውቀው ዓይነት መርማሪም አይደለም። የእርስዎ ባንዲራ ነው።»

ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ልጁ ሊያለቅሱ ነው ብላ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ ገባች። ከአሮጊቷ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። በመጀመሪያ እንደ ሳል ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ ኋላ ትከሻቸውን የሚያርገፈግፍ።

«ባዶ ቦታ አጥቼ እኮ ነው!» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ። «ቦታ አጥቼ!»

ጋሽ ማጉያም ሳቁን መያዝ አቃተው። ልጁ ከነመሐረቧ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ሆዷን ያዘች። ውጭ በእግረኛው መንገድ ያልፍ የነበረ ሰውዬ ቆም አለ። እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ አፍንጫውን ከመስኮቱ ጋር አጣበቀና፣ ሦስቱን ምን እንዲህ እንደሚያስቃቸው ሳያውቅ እሱም ፈገግ አለ።