የአናት ቅቤ

እናቷ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አናቷን ለጋ ቅቤ ስትቀባ ባየች ጊዜ የልጅቷ ደም ፈላ። ወንድሟ በቀይ ሽብር ከተገደለ ገና ወሩ ነው፤ እሷም ከምትማርበት ከኪየቭ ድረስ እያለቀሰች ነው የመጣችው።

“እማየ፣ ልጇ የሞተባት ጠጉሯን ትላጫለች እንጂ እንዲህ ራሷን ትንከባከባለች?”

እናቷ ዙሪያዋን ቃኘች። “ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ለተገደሉት ማልቀስ ክልክል ነው። የተላጨችውን ጎረቤታችንን ቀበሌዎቹ ወሰዷት።”

“እሽ፣ አትላጪ። ቅቤው ግን ለምንሽ ነው?”

“ፀሐይ ሲያቀልጠው ዓይኔ ይገባል” አለች እናቷ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ መልሳ። “ቅቤ ዓይኗ የገባባትን ሴት ለምን አለቀስሽ የሚላት የለም።”

ልጅቷ ጥቁር ሻሿን ፈታ አጠገቧ ቁጭ አለችና አናቷን ዝቅ አደረገችላት።

“ለኔም ቀቢኝ” አለች።