የሰኞ ውሃ

ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስፈታው እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የአስጎብኚ መታወቂያ አረጠበው። ራዲያተሩ ውስጥ ጠብታ የለም። ወደ ኋላ ዞሬ ጀሪካኑን አነሳሁ፤ ገና ሳነሳው ቅለቱ ነገረኝ። ጠዋት መሙላት ነበረብኝ፤ አልሞላሁም።

«ምነው ሩፊኖ?» አሉኝ ዶን ታንክሬዶ ከመኪናው ጥላ ሥር ሆነው። ሳንቲያጎ ውስጥ ጫማ ነጋዴ ናቸው። «ወይስ ይሄም የጉብኝቱ አካል ነው? ‹የጥንት ሰዎች ልክ እዚህ ጋ ተበላሽተው ቆሙ› ልትለን ነው?»

ሚስታቸው ሳቁ። ሴኞራ ኦዴት አልሳቁም። ከኮንሴፕሲዮን ብቻቸውን የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ጠዋት ከሳን ፔድሮ ስንነሳ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ደህና ነው? እኔ ፈሪ ነኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም መሪውን መታ መታ አድርጌ፣ «አይስጉ ሴኞራ፣ በዚህ መንገድ ሰው ሞቶ አያውቅም» አልኳቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ኢላሪዮ የሞተው በዚሁ መንገድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንግዶቹን አድርሶ ባዶ መኪና ይዞ ሲመለስ ተገለበጠ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ሳይጭን ሞተር አያስነሳም ነበር።

ስልክ አይሠራም። የያዝነው የመጠጥ ውሃ ከአንድ ጠርሙስ ብዙም አይበልጥም። ዶን ታንክሬዶ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው ኩርባውን አዩ።

«ያቺ ትንሽ ቤት ሥር የተደረደረው ውሃ አይደለም እንዴ?»

ውሃ ነው። ሰው በሞተበት መንገድ ዳር የምትሠራ የመታሰቢያ ቤት ናት፤ የኢላሪዮን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ቆርቆሮዋን ሰማያዊ የቀባሁትም እኔው። እናቴ በየሰኞው ጨው የጫነ መኪና ለምና ተሳፍራ ትመጣና ስድስት ጠርሙስ ሞልታ ታኖርለታለች። «በረሃ የሞተ ሰው ይጠማዋል» ትላለች።

«የማን ናት?» አሉ ሴኞራ ኦዴት።

«እንጃ» አልኩ። «የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር መሰለኝ። የሩቅ አገር ሰው።»

«ሰው ሞቶ አያውቅም ብለኸን የለ!» ዶን ታንክሬዶ ሳቁ። «ታዲያ ይሄኛው ሳያስፈቅድህ ነው የሞተው?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቄን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«የሙት ውሃ መንካት ነውር አይሆንም?» አሉ ሴኞራ ኦዴት።

«አይጠማውም፣ ሴኞራ።»

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ዐለቱ ላይ የተቀረጹትን ላማ የሚባሉ የጭነት እንስሳት ምስሎች ካሳየኋቸው በኋላ፣ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው የድንጋይ ክምር ወስጃቸው ነበር። «በጥንቱ የነጋዴ መንገድ ያለፈ ሁሉ አንድ ድንጋይ ይጨምራል፤ ከእሱ በፊት ያለፉትን ሳያስብ የሚሄድ የለም» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ዶን ታንክሬዶ አጨበጨቡልኝ።

ወደ ትንሿ ቤት ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተንበረከክሁ። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ በየጠርሙሱ አንገት ላይ ቀይ የሱፍ ክር ታስራለች። እንዳይጠይቁኝ ክሮቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ስሙ የተጻፈበትን ጣውላ ቀና ብዬ አላየሁትም። ለነገሩ አቧራ ሸፍኖታል።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከዚያ ስድስቱንም አፈሰስኩ። ራዲያተሩ ጉርጉር እያለ ጠጣ። ክዳኑን ገጥሜ፣ ባዶዎቹን ጠርሙሶች ከወንበሩ ሥር ሸጉጬ ሞተሩን ሳስነሳው ዶን ታንክሬዶ፣ «ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሹፌር ነበር!» ብለው ገቡ።

ሴኞራ ኦዴት መኪናው ውስጥ የሉም።

ቤቷ ፊት ተንበርክከው ጣውላውን በመሐረባቸው ይወለውላሉ። ሮጥኩ። ስደርስ ሁለተኛውን ቃል ጨርሰው ነበር።

«ኢላሪዮ ኮልኬ» አሉ፣ እንደ አስተማሪ ቃሉን እየለዩ። ቀና ብለው ሊያዩኝ ሲሉ ዓይናቸው ደረቴ ላይ ቀረ። ሩፊኖ ኮልኬ ይላል መታወቂያዬ፣ በትልልቅ ፊደል። በእጄ ልሸፍነው ቃጣሁ፤ ተውኩት።

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከቦርሳቸው የራሳቸውን የመጠጥ ውሃ አወጡ፤ ግማሽ ጠርሙስ ነው። ቤቷ ደጃፍ ላይ አስቀመጡትና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«ክሩን ስጠኝ፣ ልጄ።»

አይተውኛል ለካ። እጄን ኪሴ ከትቼ ሳወጣው ስድስቱም ተጠላልፎ አንድ ቋጠሮ ሆኗል። አንዱን ልለይላቸው ሞከርሁ፤ አልፈታ አለኝ። እሳቸው ተቀብለውኝ እንዳለ በጠርሙሱ አንገት ዙሪያ አሰሩት።

«ኧረ እንሂድ! ምሳው አመለጠን እኮ!» እያሉ ዶን ታንክሬዶ ይጣራሉ።

ኩርባውን ሳልጨርስ በመስታወቱ አየሁት፤ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ፣ አንገቱ ላይ ስድስት ክር።

ያ ቀን እሑድ ነበር።